ከጥፋት በኋላ ያለ ዓለም በ2 ደቂቃ፤ የተማሪ ፊልም መክፈቻ ዝግጅት

የፊልም መክፈቻ ለተማሪ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሙሉ ፊልም አይሠራም፤ ሊኖር ይችል የነበረ ፊልም የመጀመሪያ ደቂቃዎች ብቻ ይቀረጻሉ። በብሪታንያ ኦሲአር የተባለው የፈተና ቦርድ ለሁለተኛ ደረጃ የሚዲያ ትምህርት ተማሪዎች ለዓመታት ሲሰጥ የቆየው ሥራ የታወቀው ምሳሌ ነው፦ የአንድ አዲስ ልብ ወለድ ፊልም ርዕስና መክፈቻ፣ ቢበዛ 2 ደቂቃ፣ ከአራት በማይበልጡ ተማሪዎች፣ ምስሉ ሁሉ የራሳቸው፣ ሙዚቃው ደግሞ የራሳቸው ወይም የቅጂ መብት የማይጠየቅበት። ከዚያ በፊት አንድ ማሟሻ ልምምድ ነበረ። አንድ ሰው በር ከፍቶ ይገባል፣ ክፍሉን አቋርጦ ከሌላ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ። ልምምዱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በር የሚከፍት ሰውን በሁለት ሾት አጋጥሞ መቁረጥ ያቃተው ቡድን የዓለምን ፍጻሜ ለመቅረጽ ባይነሳ ይሻለዋል።

ተማሪዎች ለመክፈቻ ከሚመርጧቸው ዓለሞች አንዱ ከጥፋት በኋላ ያለው ነው፤ በወረርሽኝ፣ በጦርነት ወይም በኑክሌር አደጋ ሰው አልቆ ጥቂቶች የቀሩበት። መምህራን ይህን ምርጫ ሲያዩ «ከአቅማችሁ በላይ ነው» ማለት ይቀናቸዋል። ግምቱ ልክ አይደለም። ጥፋቱ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት አልፏልና ፍንዳታም፣ የሚፈርስ ሕንፃም አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር በ1962 የሠራው «ላ ዤቴ» ከጦርነት በኋላ ያለችውን ፓሪስ በ28 ደቂቃ የሚያሳየው ከሞላ ጎደል በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች ነው። ጆርጅ ሉካስም ለዚህ ዘውግ ቅርብ የሆነውን የ«ቲኤችኤክስ 1138»ን የመጀመሪያ ቅጂ በ1967 የሠራው ተማሪ ሳለ ነው፤ ለቀረጻውም የተጠቀመው ነባር ኮሪደሮችንና የመኪና ማቆሚያዎችን ነበር።

በዕቅዱ ቀድሞ መወሰን ያለበት ጥፋቱ ስንት ጊዜ እንደሆነው ነው። አብዛኛው ቡድን ግን ከሌላ ጫፍ ይጀምራል። ቫይረሱ ከየት ወጣ፣ ማን ለቀቀው፣ መንግሥት ለምን ደበቀው እያለ ቀናት ያባክናል፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱም በ2 ደቂቃ አይታይም። ዕድሜው ግን በእያንዳንዱ ሾት ላይ አለ፤ በሳሩ፣ በአቧራው፣ በመኪናው ጎማ፣ በቆርቆሮው ዝገት፣ በተዋናዩ ጥፍር። ይህን ያልወሰነ ቡድን የአንድ ወር ጢም፣ የሃያ ዓመት ዝገትና ትናንት የተገዛ ሸሚዝ በአንድ ምስል ውስጥ ያሰልፋል። ተመልካቹ ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ መናገር ባይችልም አያምንም።

የታወቁት ፊልሞች በጥፋት ዕድሜ ቢደረደሩ ነገሩ ይገለጣል። በዳኒ ቦይል «ከ28 ቀናት በኋላ» (2002) ዋናው ገጸ ባሕርይ ከሆስፒታል አልጋው ነቅቶ ባዶ ለንደን ውስጥ ይዞራል። መሬት ላይ የተበተነ የገንዘብ ኖት ያገኝና ይለቅማል፤ ገንዘብ ዋጋ ማጣቱን ገና አላወቀም። የቆመ መኪና ሲነካ የማንቂያው ጩኸት ያስደነግጠዋል። ይህ ጩኸት የዕድሜ ምልክት ነው፤ ባትሪው አልሞተም ማለት ነው፣ ከዓመት በኋላ ቢሆን መኪናው ዝም ይል ነበር። የጠፉ ዘመዶችን የሚፈልጉ ወረቀቶችም በአደባባዩ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ፤ ዝናብ አላጠባቸውም። ከተማው አልፈረሰም፣ ግድግዳው አልጠቆረም። ፍርሃቱ የሚመጣው ሁሉም ነገር በቦታው ሆኖ ሰው ብቻ ከመጥፋቱ ነው።

የጆን ክራዚንስኪ «ኤ ኳየት ፕሌስ» (2018) የሚከፈተው በ89ኛው ቀን ነው። አንድ ቤተሰብ በተዘረፈ መደብር ውስጥ በባዶ እግሩ መድኃኒት ይፈልጋል። መደርደሪያው ሲራቆት የድንች ጥብስ ከረጢቶች ብቻ ሳይነኩ ቀርተዋል፤ ከረጢቱ ሲከፈት ይንኮሻኮሻል፣ በዚህ ዓለም ድምፅ ያሰማ ይሞታል። የዓለሙ ሕግ ያለ አንዲት ቃል በአንድ ርካሽ ዕቃ ተነገረ ማለት ነው። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል፤ ደግሞም ዋጋው የአንድ ከረጢት ጥብስ ነው።

«አይ አም ሌጀንድ» (2007) በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ይጀምርና በአንድ ቁርጥ ሦስት ዓመት ይዘላል፤ በኒውዮርክ ጎዳና ሳር በቅሎ አጋዘን ይሮጥበታል። እዚያው ላይ ግን ጀግናው በስፖርት መኪና ይከንፋል። ቤንዚን በታንከር ውስጥ ተቀምጦ ከወራት በኋላ መበላሸት ስለሚጀምር ስቱዲዮው ለዚህች ሩጫ ሲል ዕድሜውን ጥሷል። ትልቅ በጀት እንዲህ ያለውን ነገር ያስረሳል፤ የተማሪ ፊልም ግን የሚያስረሳበት ነገር የለውም። በጆን ሂልኮት «ዘ ሮድ» (2009) ደግሞ ዓመታት አልፈዋል፤ ዕፅዋት ሞተዋል፣ ሁሉም አመድ ለብሷል። ብዙው የተቀረጸው በፔንስልቬኒያ ሲሆን እዚያ የተተወ አውራ ጎዳና ለቀረጻው አገልግሏል።

በዕድሜ መስመሩ መጨረሻ ላይ የሚቆመው በኢትዮጵያ የተቀረጸው «ክራምብስ» (2015) ነው። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ሲሆን ዋናዎቹ ተዋንያን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው፤ ፊልሙ አማርኛ ይናገራል። እዚህ ጥፋቱ ከመራቁ የተነሳ የእኛ ዘመን ተረት ሆኗል። የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ይከበራሉ፣ ሰዎቹ በተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ ይኖራሉ። ዳሎል ለዚህ ፊልም ምንም ሳይጨመርባት ሌላ ዓለም ሆናለች። ይህን ፊልም ሳያዩ «እኛ አገር እንዲህ ያለ ፊልም አይሠራም» የሚሉ ተማሪዎች ይገጥማሉ፤ 68 ደቂቃ መድበው ቢያዩት ዕቅዳቸው ይቀየራል።

በዚህ ዘውግ ብዙ ተማሪን የምታሳስተው ከቼርኖቢል የኑክሌር ማመንጫ አጠገብ ያለችው ፕሪፕያት ከተማ ናት። የቼርኖቢል አደጋ የደረሰው ሚያዝያ 26 ቀን 1986 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን 49,000 ያህል ነዋሪዋ በማግስቱ ወጣ። ዛሬ የሚታዩት ፎቶዎች፣ በአዳራሹ ውስጥ የበቀለው ዛፍ፣ የዛገው የመዝናኛ መሽከርከሪያ፣ እንደ ቅርፊት የተላጠው ቀለም፣ የአሥርተ ዓመታት ሥራ ናቸው። ተማሪው እነዚህን ፎቶዎች ሰብስቦ የአንድ ወር ዕድሜ ላለው ታሪኩ ሞዴል ያደርጋቸዋል። ቢያስብበት ኖሮ በመጀመሪያው ወር ፕሪፕያት ንጹሕ ከተማ እንደነበረች ይገባው ነበር።

ቀረጻው አዲስ አበባ ወይም ሌላ የደጋ ከተማ ከሆነ ዕድሜን ለመቁጠር ከሁሉ የሚቀናው መለኪያ ክረምት ነው። ጥፋቱ አንድ ክረምት አልፎበታል ወይስ ገና በጋ ላይ ነው? አንድ በጋ ብቻ ያየ ግቢ አቧራ እንጂ ሳር የለውም፤ የተጣለ ልብስ ይነጣል፣ ወረቀት ይኮማተራል። አንድ ክረምት ያለፈበት ግቢ ደግሞ በመስከረም አረምና አደይ አበባ ይወርሰዋል፤ የጭቃ ቤት ከሆነ የሚለስነው አጥቶ ጭቃው ከግርግዳው እየወረደ እንጨቱ ይጋለጣል፣ ቦዩ በደለል ይዘጋል። ሁለት ሦስት ክረምት ከሆነ ጣሪያው ያፈስሳል፣ ኮርኒሱ ይወድቃል። ይህን ሁሉ መሥራት አያስፈልግም፤ ከዕድሜው ጋር የሚስማማውን ቦታ በትክክለኛው ወር ሄዶ መቅረጽ ይበቃል።

ለኢትዮጵያ ተመልካች የሚሠራ ሌላም ጣጣ አለበት። በውጭ ፊልም የጠፋ አምፖል የሥልጣኔ መጥፋት ነው፤ የአዲስ አበባ ተመልካች ግን የጠፋ መብራት ሲያይ ሻማ ፍለጋ እንጂ ሌላ አያስብም። የተደረደረ ቢጫ ጀሪካንም እንደዚሁ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የኖረን ሰው አያስደነግጥም። ምልክቱ ከተለመደው እጥረት ማለፍ አለበት። የበዓል ቄጠማ እንደተጎዘጎዘ ደርቆ የቀረበት ሳሎን፣ ሲኒው እንደተደረደረ አቧራ የለበሰ ረከቦት፣ በቁልፍ ሳይዘጋ የተተወ የወርቅ ቤት በር፣ በአስፋልት ላይ የቀረ የጅብ ዳና፤ እነዚህ ይናገራሉ።

ተዋናዩም በዚሁ የጥፋት ዕድሜ ይለካል። ፊት ላይ ጥላሸት መቀባት የተማሪ ፊልም ሁሉ ማኅተም ሆኗል፤ ጉንጭና ግንባር ላይ ሁለት ጭረት፣ ከሥሩ ንጹሕ አንገት። ሰው የሚቆሽሸው በጥፍሩ ሥር፣ በአንገቱ መታጠፊያ፣ በእጅጌው ጫፍና በጉልበቱ ላይ ነው። ጫማ ከሁሉ ቀድሞ ያጋልጣል፤ አዲስ ነጭ ስኒከር አድርጎ ከጥፋት የተረፈ ሰው ብዙ ታይቷል። ልብሱን ተዋናዩ ራሱ ለሳምንት ሳያጥብ ቢሠራበት የማንም ሜካፕ አይደርስበትም።

የቀረጻ ቦታ ምርጫ ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪዎች ቶሎ የሚመጣላቸው በጅምር የቀረ ሕንፃ ነው። ጅምር ሕንፃ ግን ፍርስራሽ አይደለም፤ የቆመ ብረትና የባሕር ዛፍ መወጣጫ የሚናገረው ሰው ሊገባ እንደነበር ነው። የተተወ ቤት የሚታወቀው በኑሮ ዱካ ነው፤ ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረ ሚስማርና በዙሪያው ያልደበዘዘ የቀለም አራት ማዕዘን፣ በር ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ የልጅ ቁመት፣ በአንድ ወር ላይ ተገልጦ የቀረ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ። ባዶ መንገድ የሚፈልግ ቡድን የፋሲካን ማለዳ ያስብ፤ ሕዝቡ ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሶ ገድፎ ይተኛል፣ ዋና ዋና መንገዶች ሳይቀሩ ጸጥ ይላሉ። በዚያ ጠዋት ልጅን ከቤት ለማስወጣት እናትን ማሳመን የአዘጋጁ ድርሻ ነው። የባለቤትና የወረዳ ፈቃድ አስቀድሞ ይያዛል፤ የውሸት ጠመንጃ ያለ ፖሊስ ዕውቅና ወደ አደባባይ አይወጣም፤ ያረጀ ቤት ወለልና ጣሪያ በቀን ብርሃን ይፈተሻል።

የሾት ዕቅዱ ከሰዓቱ ይነሳል። 2 ደቂቃ 120 ሰከንድ ነው፤ 20 ሾት ከታቀደ እያንዳንዱ በአማካይ 6 ሰከንድ ይደርሰዋል። ባዶነት ለመሰማት ጊዜ ስለሚፈልግ ሰፊው ሾት 10 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል፤ ትርፉ ከዕቃዎቹ ቅርብ ሾቶች ይቀነሳል። የቦይል ቡድን የለንደኑን ባዶነት የቀረጸው በበጋ ንጋት፣ ትራፊክ ለአጭር አጭር ጊዜ እየተያዘለት፣ በብዙ ትናንሽ ዲጂታል ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ነበር፤ ካኖን ኤክስኤል 1 በወቅቱ ማንም ከሱቅ የሚገዛው ካሜራ ነው። አራት ስልክ ያለው የተማሪ ቡድን ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ከስቶሪቦርዱ ቀጥሎ በየቦታው ፎቶ አንስቶ በሰከንዳቸው መደርደር ይመከራል፤ ታሪኩን የማያውቅ ሰው አይቶ ጥፋቱ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይጠየቃል። መልሱ ከዕቅዱ እጅግ ከራቀ ዕቃዎቹ እንደገና ይታያሉ።

ድምፅ በዕቅዱ ወረቀት ላይ የራሱ ዓምድ ያስፈልገዋል። ሰው የሌለበት ከተማ ድምፅ አልባ አይደለም፤ የሚጠፋው የጄኔሬተር፣ የታክሲ ረዳትና የድምፅ ማጉያ ጩኸት ሲሆን የሚቀረው ነፋስ፣ ወፍ፣ የሚንኳኳ ቆርቆሮና የውሻ ጩኸት ነው። በቀረጻ ቦታ የሚቀዳው ድምፅ የሩቅ ሞተር ስለማያጣ ምስሉን ለብቻ ቀርጾ ድምፁን በኤዲቲንግ መገንባት ይቀላል። እርምጃ በጠጠርና በደረቅ ቅጠል ላይ ማይኩ ተጠግቶ ይቀዳል። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ የቦታውን ድምፅ መቅዳት ግድ ነው፤ በቁርጦቹ መካከል የሚነጠፈው እሱ ነው። ፍጹም ዝምታ የተደረገበት መክፈቻ ተመልካቹን ድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ እንደሆነ ወደ ማየት ይልከዋል።

የሚቀረው ጽሑፍ ነው። የተዋንያንና የባለሙያዎች ስም በሰፊዎቹ ሾቶች ባዶ ክፍል ላይ ይገባል፤ ስለዚህ ካሜራማኑ ሲቀርጽ ቦታውን ይተውለታል። ፊደሉ ቀጭንና ቀላል ቢሆን ይነበባል፤ ደም የሚያንጠባጥብ ፊደል ከዘውጉ ጋር ዝምድና የለውም። እንደ «89ኛው ቀን» ያለ የጊዜ ጽሑፍ አንድ ጊዜ፣ ከ3 ሰከንድ ባላነሰ ቆይታ ይገባል፤ ምስሉ ዕድሜውን በራሱ ከተናገረ ይቀራል። የፊልሙ ርዕስ በመጨረሻው ሾት ላይ ይመጣል፣ ከሱ በኋላ ያለው ታሪክ ላልተሠራው ፊልም ይተዋል።