ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሞተው ሰው

«ቆሽቴ አረረ» ብሎ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ቆሽትህ የት ነው ቢባል ግን ብዙው ሰው እጁን ልቡ ላይ ያሳርፋል። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ወደ አከርካሪ ተጠግታ የተሸሸገች ናት፤ እዚያ የበቀለ ዕጢ ቶሎ በእጅ አይዳሰስም፣ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ ላይ አያምም።

ከፎገራ የሩዝ ማሳ ወይም ከዘጌ የቡና ጥላ ሥር ያለ ገበሬ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ይላል። ጠበሉም የሐበሻ መድኃኒቱም ይሞከራል። ሽንቱ እንደ ጠላ ሲጠቁር፣ ቆዳው ሌሊቱን ሲያሳክከው፣ ባሕር ዳር ይወሰዳል፤ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል። አልትራሳውንድ የሐሞት ቱቦው መዘጋቱን፣ ሲቲ ስካን ደግሞ የዘጋውን የቆሽት ዕጢ ያሳያል። የመዳን ተስፋ ያለው ዕጢውን በቀዶ ጥገና ነቅሎ በማውጣት ነው፤ አብዛኛው ሕመምተኛ ግን የሚደርሰው ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ ነው።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ማለት አይቻልም። ፎገራ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች። በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው ብሔራዊ የካንሰር ዕቅድ ወጣ፤ በ2011 ዓ.ም. ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ተጀመረ። ገንዘቡ መከላከል ወደሚቻለው ማዘንበሉ ተገቢ ነው። ለቆሽት ክትባት የለም፤ ጤነኛውን ሕዝብ በጅምላ የሚመረምሩበት ዘዴም አልተገኘም።

ሀብታም አገርም ቢሆን ሳይገፋ አልነቃም። አሜሪካ ሕክምና የማይበግራቸውን ካንሰሮች የሚመለከት ሕግ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ነው፤ ሕጉ የካንሰር ተቋሟን ለቆሽት የምርምር ዕቅድ እንዲያወጣ አስገደደ። ያኔ ከ100 ሕመምተኞች አምስት ዓመት የሚሻገሩት 6 ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ 13 ደርሰዋል። ሕጉን ላስገኘው ሙግት መነሻው ቁጥር ነበር፤ ስንት ሰው ታመመ፣ ስንቱ ሞተ።

እኛ ዘንድ የሚጎድለው ይኸው ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በጥቁር አንበሳ የተከፈተው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአገሪቱ ግምት ለዓመታት በዋናነት የተሰላው ከዚህ የአንድ ከተማ ቆጠራ ነው። በጣና ዳር ቤቱ ያረፈ ሰው እዚያ አይገባም። የዕድሩ ደብተር ስሙንና ለቤተሰቡ የተሰጠውን ገንዘብ ይይዛል፤ የሞቱን ምክንያት ግን አይጠይቅም።

ለመጠየቅ ቤተ ሙከራ ላያስፈልግ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየመካነ መቃብሩ ቀብሮችን አስመዝግበዋል፤ ቆየት ብለውም የሟች ቤተሰብ ዘንድ እየሄዱ ስለ ሕመሙ ጠይቀዋል። እንዲህ ዓይነት መጠይቅ ትኩሳትን፣ ክብደት መቀነስን፣ የዓይን ቢጫ መሆንንም ይመዘግባል። ቆሽትን ከጉበት ለይቶ አይናገርም፤ ይህ ደካማ ጎኑ ነው። ባሕር ዳር ግን የሕክምና ኮሌጅ አላት፣ ተማሪዎች አሏት፣ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሏት፤ ጠያቂ ከተላከ የዕድር ዳኞቹ የለቅሶ ቤቱን በር ያውቁታል።