በከንፈር ዙሪያ የሚታዩ ጥቁር ነጠብጣቦች፦ ሕክምናቸውና መከላከያቸው

ከታችኛው ከንፈር ሥርና በአገጭ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች በተለምዶ «ብላክሄድ» ይባላሉ። የብጉር አንዱ ዓይነት ናቸው። ብዙዎች እንደ እድፍ ስለሚቆጥሯቸው በሎሚ ወይም በሻካራ ጨርቅ አጥብቀው ይፈትጓቸዋል። ይሁንና ጥቁረቱ ከእድፍ የመጣ አይደለም። የቆዳ ቀዳዳ በራሱ ቅባትና በሞቱ የቆዳ ሴሎች ሲደፈን፣ አፉ ክፍት የሆነው ድፍን በውስጡ ባለው የቆዳ ቀለምና ከአየር ጋር ባለው ንክኪ ይጠቁራል። መፈተግ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ ቀዳዳውን አይከፍትም፤ ቁስሉም ሲድን ከነጠብጣቡ የባሰ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

በወረታና በፎገራ ሜዳ ሩዝ በሚታጨድበትና በሚወቃበት ወቅት ነፋሱ ከንፈር ያደርቃል። ቅቤ ወይም ሌላ ወፍራም ቅባት ከንፈር ላይ መቀባት የተለመደ ነው። ቅባቱ ወደ ዙሪያው ቆዳ ሲሰፋ ግን ቀዳዳዎችን ሊደፍን ይችላል። የአውድማ አቧራ በራሱ ብላክሄድ አያመጣም፤ ላብና አቧራ ያለበትን ፊት በሻሽ ወይም በነጠላ ደጋግሞ መፈግፈግ ግን ቆዳን ያስቆጣል። ከሥራ በኋላ ፊትን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ በቂ ነው፤ በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ በሳሙና መታጠብ አያስፈልግም።

ለሕክምና የሚያገለግሉት ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያላቸው መታጠቢያዎችና ቅባቶች፣ እንዲሁም አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን የተባሉ ማታ የሚቀቡ መድኃኒቶች ናቸው። የኋለኞቹ የከንፈርን ዳርና የአፍን ማዕዘን ስለሚያቃጥሉ አስቀድሞ በዚያ ቦታ ላይ ስስ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያቀደች ሴት አዳፓሊንንም ሆነ ትሬቲኖይንን መጠቀም የለባትም። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መተው ተገቢ አይደለም። በጥፍር ማፍረጥም መቅረት አለበት፤ ከላይኛው ከንፈርና ከአፍንጫ አካባቢ የሚነሳ ኢንፌክሽን አልፎ አልፎ በደም ሥር አማካኝነት ወደ አንጎል ሊዛመት ይችላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው «ፊት ያጠራል» እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ቅባት ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባለ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊትን ያለሰልሳል። ከሳምንታት በኋላ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ በአፍ ዙሪያም የሚያቃጥሉ ጥቃቅን ሽፍታዎች ይወጣሉ። ተጠቃሚው ቅባቱን ሲያቆም ሽፍታው ለጊዜው ስለሚብስ መድኃኒቱ የጠቀመው መስሎት ተመልሶ ይቀባል። ጉዳቱ ሥር የሚሰደው በዚህ ዑደት ነው። ስለዚህ ቅባቱን መልሶ ከመቀባት ይልቅ ቱቦውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ቆዳን ለማቅላት የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶች ደግሞ ኩላሊትንና ፅንስን የሚጎዳ ሜርኩሪ አለባቸው።

በከንፈር ዙሪያ የሚወጣ ሁሉ ብላክሄድ አይደለም። በከንፈር ጠርዝ ላይ የሚታዩ ፈዛዛ ቢጫ ነጥቦች ተፈጥሯዊ የቅባት ዕጢዎች ስለሆኑ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። ከተላጩ ወይም ጸጉር ከነቀሉ በኋላ የሚወጡ ጥቁር ነጥቦችም ወደ ውስጥ የበቀለ ጸጉር ሊሆኑ ይችላሉ። በአፍንጫ ወይም በከንፈር ላይ ወጥቶ ለሳምንታት ሳይድን የሚያድግ፣ የሚያብጥ ወይም ቅርፊት የሚያበጅ ቁስል ግን ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ቁንጭር በአማራ ክልል ደጋማ አካባቢዎች የሚገኝ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን ሕክምናው ከዘገየ የፊትን ቅርጽ ያበላሻል።

አገልግሎት ፈላጊዎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባቸዋል። ባለሙያው ካመነበት የሪፈር ወረቀት ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል ይልካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብ አለባቸው። ለተጨማሪ መረጃ የጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 ነው።