የ2013 ስም ጥሪ

ትምህርት ቤቶች ይዘጉ የተባለው መጋቢት 7 ቀን 2012 ነው፤ ኮሮና አገራችን መግባቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። ቀጠለም፣ ስማርት ስልክና የሚሞላው ካርድ ላለው። እኔ የማስተምርበት የአዳማ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቀን ሠራተኛ፣ የጉሊት ነጋዴና የባጃጅ ሾፌር ልጆች የሚበዙበት ነው። ለምልከው የሂሳብ ጥያቄ መልስ የሚሰጡኝ ያው ሁልጊዜ እጅ የሚያወጡት ልጆች ነበሩ።

ጥቅምት 2013 ላይ ትምህርት ቤቶች በየደረጃው ይከፈቱ ሲባል መመሪያው በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ ማስክና የእጅ መታጠቢያ ይል ነበር። የትምህርት ቤቱ የመምህራን ማኅበር ተሰበሰበ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 60 ልጅ ያለበትን ክፍል ለሦስት ስትከፍለው አንዱ ልጅ በሳምንት ቢበዛ ሁለት ቀን ብቻ ይማራል፤ መምህሩ ደግሞ አንዱን ትምህርት ሦስት ጊዜ ይደግማል። ለዚህ ትርፍ ሰዓት ይከፈለን ያሉ ነበሩ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ክርክሩ የከረረው ግን በውሃው ላይ ነው። አዋሽ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ እየፈሰሰ የእኛ ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው። «ሮቶ ሳይቆም አንገባም» ያሉ ወጣቶች ነበሩ። አንዲት አንጋፋ መምህርት «እኛ ሳንገባ ስንቀር የሚጎዳው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። በመጨረሻ ደብዳቤ ተጻፈ፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱም አብሮ ፈረመ።

ሮቶው ቆየት ብሎ መጣ። ስም ስንጠራ ዝም የሚባልባቸው ልጆች ግን በደብዳቤያችን ውስጥ አልነበሩም። የቀሩትን በየቀበሌው ተከፋፍለን ፈለግን። አንዱን ጋራዥ ውስጥ ዘይት በዘይት ሆኖ አገኘነው፤ ሊመለስ ቢፈልግም የሚያገኛት ብር ቤቱን ትደግፍ ነበር። የዝዋይና የመቂ ባልደረቦቼ ስደውልላቸው የሚያነሱት ልጆቹ ለሥራ የገቡበትን የአበባ እርሻና የቲማቲም ማሳ ነው። በእኛ ሪፖርት ሁሉም «ያቋረጡ» በምትል አንዲት ዓምድ ይጠቃለላሉ፤ ለምን እንዳቋረጡ መጻፊያ ቦታ የላትም።

ማኅበራችን ያኔ የጠየቀው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን እከራከራለሁ። ትምህርት ቤት ዳግም ቢዘጋ የመጀመሪያው አጀንዳ የእያንዳንዱ ተማሪ አድራሻና፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ የሚገኝበት ስልክ ይሁን። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ ሆምሩም መምህሩ በሁለት ክፍለ ጊዜ ይጨርሰዋል።