ትንሽ የንድፍ ቢሮ አዲስ ሥራ ከወዴት ያገኛል?

ደመወዙን ትቶ በራሱ ስም የንድፍ ቢሮ የሚከፍት ወጣት የሚያስበው ስለ እርሳስና ስለ ወረቀት ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ በየወሩ ይጠብቁታል፤ ሥራ ሰጪ ግን በየወሩ አይመጣም። እንግዲህ በበሩ ላይ ሰሌዳ ከሰቀለ በኋላ አዲስ ሥራ ከወዴት ይመጣለታል? ጥያቄው የባለቤቱና የልጆቹም ጥያቄ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ልናወሳው ወደድን።

ለምሳሌ የአርቱሮ ሜዜዲሚን ታሪክ እናንሣ፤ ዓመታቱን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። እኚህ ሰው በ1922 በኢጣልያ ተወልደው በ1940 ወደ አሥመራ መጡ። በዚያችም ከተማ ገና በወጣትነታቸው ንድፍ ማውጣት ጀመሩ፤ ከቀደሙት ሥራዎቻቸው አንዱ የአሥመራ የመዋኛ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ታላቅ ሐውልት አይደለም፤ ነገር ግን በከተማ ቆሞ መንገደኛ ሁሉ የሚያየው ሥራ ለሠሪው ምስክር ይሆንለታል።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ፤ አዳራሽም አስፈለገው። ንድፉ ለሜዜዲሚ ተሰጠ። የአፍሪካ አዳራሽ በ18 ወራት ያህል ታንጾ በ1961 ተመረቀ። 150 ካሬ ሜትር የሚያህለውን የመስተዋት ሥዕል ግን የነደፉት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትንም ሕንፃ የነደፉት ሜዜዲሚ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ተፈጽሞ የሚታይ ሥራ ሌላውን ሥራ ይጠራል። ሁለተኛ፣ በቀጠሮው ቀን ሥራውን የሚያስረክብ ሰው ይታመናል። ሦስተኛ፣ በእጃችን የሌለውን ጥበብ ለባለጥበቡ ማካፈል ክብርን አይቀንስም።

ደንበኛ የሚለው ቃል ደንብ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ስለዚህ ደንበኛ አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ሳይሆን መመለስን ልማዱ ያደረገ ሰው ነው። እርሱን የሚያፈራው ማስታወቂያ ሳይሆን የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ነገር ግን ትልቅ ሥራ ትንሽን ቢሮ ሊያጠፋውም ይችላል። የሠራተኛ ደመወዝና የወረቀት ዋጋ የሚወጣው ክፍያው ከመድረሱ በፊት ነውና። ስለዚህም ዋጋው፣ ጊዜው፣ ቅድሚያ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ንድፉም ስንት ጊዜ እንደሚታረም በውል ይጻፍ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህም ይስማማል። ሥራው እንዳያመልጠኝ ብሎ ከድካሙ በታች የሚቀበል ደግሞ፣ ሁለተኛው ደንበኛም በዚያው ዋጋ እንዲሠራለት ይጠይቀዋል።

ሥራ የሚሰጡ ሹማምንትም አንድ ነገር እንዲያስቡ እንለምናለን። ፊርማ እየጠበቀ በጠረጴዛ ላይ የሚያድር የክፍያ ወረቀት ለመሥሪያ ቤቱ ተራ ወረቀት ነው፤ ለትንሹ ቢሮ ግን የወር ኪራይ፣ ለልጆቹም እንጀራ ነው። ሥራውን በቀኑ የተረከበ ሹም ገንዘቡንም በቀኑ ይክፈል።