በፖስታ ሳጥን የሚመጣ እንደራሴ

ኤፕሪል ካለፈ በኋላ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የፖስታ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው፣ ከፒዛ ኩፖንና ከጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ መሐል አንድ ጠንከር ያለ ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ባለ ጉልላት ሕንፃ ሥዕልና የአራት ሰዎች ፎቶግራፍ አለበት። አብዛኛው ሰው ቤቱ ሳይገባ ይጥለዋል። በሰፈራችን እንጀራ መሸጫ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ግን ይህንኑ ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ከቦርሳቸው አወጡና፣

«ልጄ፣ እስቲ እያት። የመንግሥት ማኅተም አለባት፤ የፍርድ ቤት ትሆን እንዴ?» አሉኝ።

«አይዞዎት እማማ፣ የፍርድ ቤት አይደለችም። እንደራሴዎችዎ ናቸው የጻፉልዎት።»

«ለእኔ? ምን ፈልገው?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ወረቀቱ የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች ለመራጮቻቸው የሚልኩት የዜና ደብዳቤ ነው። የምክር ቤቱ ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን በኢሜይል ቶሎ ቶሎ ይመጣል። በፖስታ የሚላከው ግን ብዙውን ጊዜ ጉባኤው ሲያበቃ ነው፤ የዓመቱ ሒሳብ ማወራረጃ መሆኑ ነው። ሜሪላንድ 47 የምርጫ ወረዳዎች አሏት፤ ሰው ዲስትሪክት ይላቸዋል። ከእያንዳንዱ አንድ ሴኔተርና ሦስት ዴሌጌት ይመረጣሉ፤ በድምሩ 188 ናቸው። በየዓመቱ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምረው ለ90 ቀናት አናፖሊስ ይሰበሰቡና ይበተናሉ፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ሌላ እንጀራ አላቸው። ያ ጉልላትም የአናፖሊሱ ስቴት ሀውስ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1783 የጦር አዛዥነቱን ያስረከበበት ቤት ሲሆን፣ ዛሬም ሕግ የሚወጣው እዚያው ነው።

የእኛ ሰው የሚቸገረው የቱ ሹም የየትኛው ጉዳይ ባለቤት እንደሆነ መለየት ላይ ነው። ጄሚ ራስኪን ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግንና ታኮማ ፓርክን የሚያካትተው የዲስትሪክት 20 ሴኔተር ሆነው ከ2007 ጀምሮ አናፖሊስ ነበሩ፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ዋሽንግተን፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ናቸው። ሰውዬው አንድ ናቸው፤ የሚንኳኳው በር ግን ሌላ ሆኗል። የኢሚግሬሽን ፋይል ሲዘገይ ወደ ዋሽንግተኑ ተወካይ ቢሮ ይደወላል። የመንጃ ፈቃድ፣ የሥራ አጥ ክፍያ፣ የሜዲኬድ ወይም የክፍለ ግዛቱ ግብር ጉዳይ ከሆነ የአናፖሊሶቹ ናቸው። የቆሻሻ ማንሻው መኪና ቀርቶ እንደሆነ ደግሞ ካውንቲው አለ።

ፐርፕል ላይን የተባለውን ባቡር እንውሰድ። ከቤቴዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል የሚዘረጋው ይህ መስመር ግንባታው የተጀመረው በ2017 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በቦኒፋንት ጎዳና፣ በትንንሽ ሱቆች ደጃፍ ያልፋል። ሥራው የክፍለ ግዛቱ ነው። መንገድ የተዘጋበትና ገበያ የራቀው ባለሱቅ ለካውንቲው አቤት ማለቱ ባይከፋም፣ ውሉን የሚያውቁትና በጀቱን የሚያጸድቁት አናፖሊስ ናቸው። የትኛው መንገድ መቼ ይከፈታል የሚለው ወሬም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚሁ በሚጣለው ደብዳቤ ውስጥ ነው።

ደብዳቤው ግን እንደ ጋዜጣ የሚታመን አይደለም። የጻፈው ራሱ ባለጉዳዩ ነው፤ ራሱን አያማም። እኔ ስሳሳት ስታረም የተማርኩት ግሦቹን ማየት ነው። «ደገፍኩ»፣ «አቀረብኩ» እና «አስጸደቅኩ» አንድ አይደሉም። በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕግ ይቀርባል፤ ብዙው ኮሚቴ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። አርባ ሰው የፈረመበትን ረቂቅ አርባውም በየደብዳቤያቸው «የእኔ ሕግ» ቢሉት ውሸት አይባልም፤ እውነቱ ግን ለአርባ ተካፍሏል። የሞተው ረቂቅና የተቃወሙት ሕግ ደግሞ እምብዛም አይጠቀሱም። እነዚያን ማወቅ የፈለገ በምክር ቤቱ መዝገብ ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ በስም ያገኛል፤ ለረቂቆቹም ስንት ገንዘብ እንደሚያስወጡ የሚያሳይ በባለሙያ የተዘጋጀ ማብራሪያ ተያይዞ ይገኛል።

«ለሰፈራችን ይህን ያህል ገንዘብ አስገኘሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገርም የራሱ ታሪክ አለው። የሜሪላንድ ሕግ አውጪዎች ለረጅም ዘመን ገዢው ካቀረቡት በጀት ላይ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችሉም ነበር። መራጩ በ2020 ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽል ነው፣ ጠቅላላ ድምሩን ሳያልፉ ከአንዱ ቀንሰው ለሌላው እንዲጨምሩ የተፈቀደላቸው፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከ2024 የበጀት ዓመት ጀምሮ ነው። እንግዲህ ለእኛ መናፈሻ የተጨመረ ገንዘብ ካለ ከሌላ የተቀነሰም አለ ማለት ነው። ከማን እንደተቀነሰ ግን ፎቶግራፍ ያለው ደብዳቤ አይነግርም።

ሌላው ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ነው። «ባይ ኦቶሪቲ» ብሎ የገንዘብ ያዥ ስም ካስከተለ ወረቀቱ የምርጫ ዘመቻ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ብሎ እንዲጻፍበት ያስገድዳል። ያ መስመር የሌለውና የምክር ቤቱን ቢሮ አድራሻ የያዘው ነው የሥራ ደብዳቤ። አንዱ ድምፅ ይጠይቃል፤ ሌላው ቢያንስ ለወጉ ሪፖርት ያቀርባል።

እኔ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ገጽ እጀምራለሁ። የነፃ ግብር መሙያ ቀጠሮ፣ የሕዝብ ስብሰባ ቀን፣ የቢሮ ስልክ፣ ሁሉም የሚታጨቀው እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያው እዚያ ይገኛል። ሜሪላንድ ውስጥ ሴኔተሮችና ዴሌጌቶች በዲስትሪክታቸው ለሚኖሩ ተማሪዎች የትምህርት ገንዘብ የመስጠት ሥልጣን አላቸው፤ ከሌላው ክፍለ ግዛት የመጣ ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። ተማሪው የዲስትሪክቱ ነዋሪ መሆን አለበት፤ ፋፍሳ የተባለውን የትምህርት ገንዘብ ርዳታ ቅጽም ይሞላል። ማን እንደሚያገኝ የሚወስኑት ተመራጮቹ ናቸው፤ ቀነ ገደቡና የሚጠይቁት ጽሑፍም ከቢሮ ቢሮ ይለያያል። ሦስቱ ዴሌጌቶች አንድ ላይ የሚቀበሉበት ዲስትሪክት አለ፤ ለየብቻ የሚቀበሉበትም አለ። ለአንዱ አመልክቶ «አልተሳካልኝም» ብሎ የተቀመጠ ልጅ ሌሎቹን ሳይሞክር ቀርቷል ማለት ነው።

ይህን ለእማማ ስነግራቸው እንጀራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የልጅ ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት።

«አራቱም ይሰጣሉ ነው የምትለኝ?»

«መስጠታቸውን እንጃ እማማ፤ ማመልከት ግን ለሁሉም ትችላለች።»

ወረቀቱን መልሰው አጠፉት፤ አሁን ግን አራቱ ፎቶግራፎች ወደ ውጭ እንዲሆኑ አድርገው ነው። «እንግዲያው አራቱንም ደጅ ትጥናቸዋ» አሉና የመጀመሪያውን ሰውዬ በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ይኼኛው ማን ይባላል?»