በልብ ውስጥ የሚያድግ ሊምፎማና የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ

የዝዋይን ሐይቅ መቂና ከታር ይመግቡታል፤ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ ደግሞ የቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ያወርደዋል። የልባችን የቀኝ ላይኛ ክፍልም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ከላይና ከታች ሁለት ታላላቅ ደም መላሽ ሥሮች ይገቡበታል፤ በአንድ በር ደግሞ ደሙን ወደ ታችኛው ክፍል ያሳልፋል። በሩ በእብጠት ቢጠብ ደሙ ወደ ኋላ ይተኛል፤ የአንገት ሥሮች ይገተራሉ፣ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

ከልብ የሚነሣ ሊምፎማ እጅግ ብርቅ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚያድገው በዚሁ በቀኝ በኩል ነው። በአገራችን በልብ ዙሪያ ውኃ ሲገኝ በቅድሚያ ነቀርሳ መታሰቡ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በድምፅ ሞገድ ምርመራ እብጠት ከታየ ናሙና ተወስዶ ምንነቱ መለየት አለበት።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ሳይሆን ኬሞቴራፒ ነው። መድኃኒቱ በየዙሩ የሚገድለው የተወሰነ ቁጥር ሳይሆን፣ እንደ ራዲዮአክቲቭ መፈራረስ ሁሉ፣ የተወሰነ እጅ እንደሆነ አድርገን ልናስበው እንችላለን። 1,000,000,000 የካንሰር ሕዋሳት ቢኖሩና እያንዳንዱ ዙር ከመቶ 99ኙን ቢያጠፋ፣ ከሦስት ዙር በኋላም 1,000 ይተርፋሉ። በሽታው ሲያገረሽ መጠኑን እጅግ ከፍ ማድረግ ይታሰባል፤ ነገር ግን ይህ ደም የሚሠራውን የአጥንት መቅኔ አብሮ ያወድማል።

ንቅለ ተከላው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አስቀድሞ ከሕመምተኛው ከራሱ ደም ግንደ ሕዋሳት ይሰበሰቡና በጥልቅ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ፤ የፈሳሽ ናይትሮጅን ሙቀት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን ልብ ይሏል። ከከባዱ መድኃኒት በኋላ በደም ሥር ይመለሳሉ፤ መንገዳቸውን ራሳቸው ፈልገው መቅኔ ውስጥ ይሰፍራሉ፤ በሁለት ሳምንት ገደማም አዲስ ደም መሥራት ይጀምራሉ። እስከዚያው ቀላል የሚባል ተሕዋስ እንኳ ሊገድል ይችላል። ብዙዎች እንደሚመስላቸው ሕዋሳቱ ልብን አይጠግኑም፤ የሚያድኑት መቅኔውን ነው።

የእነዚህን ሕዋሳት መኖር እ.ኤ.አ. በ1961 በቶሮንቶ ያመላከቱት ሐኪሙ ኧርነስት ማኩሎክና የባዮፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ቲል ነበሩ። በጨረር መቅኔያቸው ለወደመ አይጦች ጤናማ መቅኔ ሰጥተው በጣፊያቸው ላይ የበቀሉትን እባጮች ቆጠሩ፤ ቁጥራቸውም ከተሰጠው የሕዋስ ብዛት ጋር በቀጥታ ይመጣጠን ነበር። ግራፉ ቀጥተኛ መስመር መሆኑ ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች እጅግ ደስ ይለናል።

በልብ ሊምፎማ ላይ የንቅለ ተከላው ማስረጃ በአብዛኛው የተናጠል ሕሙማን ዘገባ ነው፤ በሽታው ብርቅ በመሆኑ ሰፊ ንጽጽራዊ ጥናት ለማካሄድ አዳጋች ነው። ሌላም ሥጋት አለ፤ በሊምፎማ ሕክምና የተለመደው ዶክሶሩቢሲን ራሱ ልብን ይጎዳል፤ ግድግዳውን የወረረው እብጠት በፍጥነት ሲሟሟም ግድግዳው ሊሳሳ፣ አልፎ አልፎም ሊበሳ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ የሕክምና ቀናት የልብ ምት በቅርብ የሚጠበቀው ስለዚህ ነው።