የቤተሰብ ፍጆታና ጊዜ

አንድ ቤተሰብ በዚህ ወር የሚያወጣው ገንዘብ በምን ይወሰናል? ተማሪዎቻችን «በወሩ ገቢ ነዋ!» ይሉናል። መልሱ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም።

እንግሊዛዊው ኬይንስ እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳስረዳው፣ ገቢ ሲጨምር ፍጆታም ይጨምራል፤ የፍጆታው ጭማሪ ግን ከገቢው ጭማሪ ያንሳል። ይኸውም፦

ፍጆታ = ሀ + (ለ × ገቢ)

«ሀ» ገቢ ባይኖርም የማይቀረው ወጪ ሲሆን፣ «ለ» ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ብር ለፍጆታ የሚውለው ድርሻ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ቀመር ብቻውን የሰሊጥ ገበሬን ኑሮ አይገልጽም። የሑመራ ወይም የመተማ ገበሬ ሰሊጡን በክረምት ዘርቶ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ያጭዳል። ገንዘቡ የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቤተሰቡ የሚበላው ግን በየቀኑ ነው። ለምሳሌ የዓመቱ ገቢ 60,000 ብር ቢሆን፣ እኩል ሲከፋፈል ለወር 5,000 ብር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሞዲግሊያኒና ብረምበርግ ይህን የመሰለውን ማከፋፈል በዕድሜ ልክ አዩት፤ ሰው በሥራ ዘመኑ ቆጥቦ በእርጅናው ይጠቀምበታል። ፍሪድማንም እ.ኤ.አ. በ1957 ገቢን «ዘላቂ» እና «ጊዜያዊ» ብሎ ከፈለ፤ ፍጆታ የሚከተለው ዘላቂውን ነው። ስለሆነም ዘንድሮ ብቻ ጥሩ ዋጋ ያገኘ ገበሬ ትርፉን በአብዛኛው ያስቀምጣል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ገንዘብን ከአንድ ጊዜ ወደ ሌላው ማሻገር ሲቻል ነው። ማሻገሪያዎቹም ቁጠባና ብድር ናቸው። ዲተን እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳየው፣ መበደር የማይችል ቤተሰብ ለክፉ ቀን ጥቂት ይይዛል፤ የያዘው ሲያልቅ ፍጆታው ከገቢው ጋር አብሮ ይወርዳል።

ሁለቱም ማሻገሪያዎች ሲጠፉስ? በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት የምትገኘውን መንደር 8ን እንመልከት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማለቂያ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከፊሎቹም በዚህች መንደር ለጊዜው ተጠለሉ። ወቅቱ የአጨዳ ስለ ነበር የብዙ ገበሬዎች የዓመት ገቢ በማሳ ላይ ቀረ። ቁጠባ የነበሩት ጎተራና ከብት፣ በዱቤ የሚሰጠው ነጋዴም ከድንበር ወዲያ ቀሩ። የተረፈው የኬይንስ «ሀ» ብቻ ነው፤ እርሱም በእርዳታ ይሸፈናል። እንግዲህ ስደተኛ ከራሽኑ ቀንሶ ሸጦ ሳሙና ቢገዛ አባካኝ አንበለው፤ «ሀ» እህል ብቻ አይደለምና።

ለተማሪዎች መልመጃ፦ መበደር የማይችል አንድ ቤተሰብ 3,000 ብር ቁጠባ አለው። የወር ገቢው 500፣ የወር ወጪው 1,100 ብር ቢሆን ቁጠባው ስንት ወር ያቆየዋል? ከዚያ በኋላ ፍጆታው ስንት ይሆናል?